ምዕራፍ 6፦ የአንድ ተከላካይ ሁለት እርምጃ

ማያሚ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2020 ምሽት። የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ሊያበቃ ሰባት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ቀርቶታል። ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ በሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ 20 ለ10 እየተመራ ነው። ሦስተኛ ሙከራው ላይ ደርሷል፤ ኳሱን በእጁ ለማቆየት 15 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት። ወርዋሪው ፓትሪክ ማሆምስ በዚያ ምሽት ሁለት ኳስ ተጠልፎበታል። በሙከራዎቹ መካከል ወደ ረዳት አሰልጣኙ ኤሪክ ቢየነሚ ዞሮ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ተርብ» ለሚሉት ጨዋታ ጊዜ ይኖረን ይሆን? ጊዜ ሲል የስታዲየሙን ሰዓት ማለቱ አልነበረም። ከፊቱ የቆሙት አጃቢዎች ተጋጣሚን ስንት ሴኮንድ ሊያግዱለት እንደሚችሉ ነበር የጠየቀው።

ሙከራው ተጀምሮ ኳሱ ሲለቀቅለት ማሆምስ ከ10 ያርድ በላይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፈጣኑ ታይሪክ ሂል ወደ መሐል የሚገባ መስሎ በረረና ድንገት ወደ ውጭ ታጠፈ። ያን ጥግ ሊዘጋ ይችል የነበረውን ተከላካይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሌላ ተቀባይ ስቦት ነበር። ኳሱ ከፍ ብሎ ሄዶ ሂል ብቻውን በቆመበት ወረደ፤ 44 ያርድ ተገኘ። ቺፍስ በቀሩት ደቂቃዎች 21 ነጥብ አከታትሎ 31 ለ20 አሸነፈ። ከ50 ዓመት በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ዋንጫ ነበር።

ይህን ውርወራ ያዘዘው ቡድን አሰልጣኝ አንዲ ሪድ በአጭር ቅብብል ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። መምህሩ ማይክ ሆልምግረን በሳን ፍራንሲስኮ ከቢል ዋልሽ ሥር ሠርቷል፤ ዋልሽ ደግሞ የአጭር ውርወራ አባት ተብሎ የሚጠራ አሰልጣኝ ነው። እንግዲህ ከዚያ ቤት የወጣ ሰው የዘመኑን ትልቅ ዋንጫ በረጅም ውርወራ አዳነ። በዚህ ምዕራፍ ላስረዳ የምፈልገው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። አጭርና ረጅም ውርወራ ሁለት የተለያዩ እምነቶች ተደርገው ሲነገሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። እኔ ግን አንድ ሐሳብ ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም የሚኖሩት ተከላካዩ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ በሚወስዳት እርምጃ ላይ ነው። (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አራት ሙከራ፣ 10 ያርድ

እኛ «እግር ኳስ» ስንል የሚታየን በእግር የሚመታው ክብ ኳስ ነው። አሜሪካኖች በዚሁ ስም የሚጠሩት ጨዋታ ሞላላ ኳስ ያለው፣ ኳሱም በአብዛኛው በእጅ የሚያዝበት ሌላ ጨዋታ ነው። በየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ ይረዝማል፤ 91 ሜትር ግድም ማለት ነው። ወርዱ 53 ያርድ ከሲሶ ነው፤ ወደ 49 ሜትር ይጠጋል። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። 10ሩን ከሞላ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልሞላ ኳሱ ለተጋጣሚ ያልፋል። በአራተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ ኳሱን በእግር አርቆ ስለሚመታው፣ በተግባር ያሉት ሙከራዎች ሦስት ናቸው።

ኳሱን ወደፊት መግፋት የሚቻለው ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር ነው። የሚወረውረው ኳርተርባኩ ነው፤ በአንድ ሙከራ ወደፊት መወርወር የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኳሱ ሳይያዝ መሬት ከነካ ሙከራው ይባክናል፤ ቡድኑም ከነበረበት ይጀምራል። ተከላካይ ከጠለፈው ኳሱ ሄደ። ወርዋሪው ሳይወረውር ከተጣለ ደግሞ ቡድኑ ወደ ኋላ ይመለሳል።

አጭር ውርወራ የሚባለው ሙከራው ከሚጀምርበት መስመር ከ10 ያርድ በታች የሚርቀው ነው፤ ረጅሙ 20 ያርድና ከዚያ በላይ የሚበረው ነው። በመካከሉ ያለው ለሁለቱም ያገለግላል። በእኛ እግር ኳስ «ከኋላ መሥርቶ በአጭር ቅብብል መውጣት ይሻላል ወይስ ከተከላካይ ጀርባ ረጅም ኳስ መጣል?» እያለ የተከራከረ ሰው የጥያቄውን ጣዕም ያውቀዋል። በአሜሪካው ጨዋታ ጥያቄው ይከርራል፤ እያንዳንዱ ሙከራ ተቆጥሮ የሚሰጥ ነውና።

ቅጣት ያለበት ውርወራ

ይህ ጨዋታ ሲወለድ ወደፊት መወርወር ክልክል ነበር። ተጫዋቾች ተያይዘው እየተገፉ በጉልበት ብቻ ይፋለሙ ነበር፤ ብዙ ወጣቶችም በሜዳ ላይ ሞቱ። በ1905 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የዩኒቨርሲቲ ተወካዮችን ዋይት ሐውስ ድረስ ጠርተው ጨዋታው እንዲታረም ጠየቁ። በዓመቱ፣ በ1906፣ ወደፊት መወርወር ተፈቀደ። በዚያው ሴፕቴምበር የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው ብራድበሪ ሮቢንሰን የመጀመሪያውን ሕጋዊ ውርወራ ወረወረ፤ አልተያዘም፤ በጊዜው ሕግ መሠረትም ኳሱ ለተጋጣሚ ተሰጠ። በዚያው ጨዋታ ሌላ ወርውሮ ግን ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱ ከተጋጣሚ ግብ መስመር ሲያልፍ የሚቆጠረውን ነጥብ፣ አስገኘ። በ1913 ኖተርዳም በጊዜው ኃያል የነበረውን የጦር አካዳሚውን ቡድን አርሚን በውርወራ 35 ለ13 ሲረታ አገሩ ሁሉ ሰማ።

ለብዙ ዘመን ውርወራ የቸገረው ሰው መውጫ ሆኖ ቆየ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ኤንኤፍኤል በሚባለው የአሜሪካ ሙያዊ ሊግ ከሚወረወረው ኳስ የሚያዘው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ከ100 ውርወራም ከአምስት የሚበልጠው ይጠለፍ ነበር። በ1978 ሁለት ሕጎች ተለወጡ። ተከላካዩ ተቀባዩን መግፋት የሚችለው ከመስመሩ እስከ 5 ያርድ ብቻ ሆነ። አጃቢዎቹ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው እንዲያግዱ ተፈቀደላቸው። ሰማዩ ለወርዋሪዎች ተከፈተ ማለት ነው። ዛሬ ከ100 ውርወራ ከ60 በላይ ይያዛል፤ የሚጠለፈው ከሦስት ያንሳል።

ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ወንዞች

የረጅሙ ውርወራ ትልቅ መምህር ሲድ ጊልማን ነበር። በ1960ዎቹ የሳንዲያጎ ቻርጀርስን ሲያሠለጥን አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ፦ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ተከላካዮቹ 11 ብቻ ናቸው። ተቀባዮቹ በርዝመቱም በወርዱም ቢበተኑ 11 ሰው ሁሉንም ሊሸፍን አይችልም። ቡድኑ በ1963 የኤኤፍኤልን፣ የጊዜውን ሌላ ሊግ፣ ዋንጫ 51 ለ10 በሆነ ውጤት ወሰደ። የእሱን ፈለግ ዶን ኮርየል ተከተለ። ኮርየል በ1978 ወደ ሳንዲያጎ መጥቶ ዳን ፋውትስን ወርዋሪ አድርጎ ሲያሰልፍ የሜዳው መልክ ተለወጠ። ፋውትስ በመጀመሪያ ዓይኑን ወደ ሩቁ ተቀባይ ያነሣል፤ ሩቁ ከተዘጋ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ቅርቡ ይወርዳል። ቻርጀርስ ከ1978 እስከ 1983 ስድስት ዓመት በተከታታይ በውርወራ ያርድ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ፋውትስ በ1981 ብቻ 4,802 ያርድ ወረወረ።

የአጭሩ ውርወራ ታሪክ የሚጀምረው ከጉዳት ነው። ቢል ዋልሽ በ1966 በኦክላንድ ሬይደርስ ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ የሬይደርሱ መሪ አል ዴቪስ ደግሞ የጊልማን ረዳት የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ዋልሽ መጀመሪያ የጠጣው ከረጅሙ ውርወራ ምንጭ ነበር። በ1968 ወደ ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ግሬግ ኩክ የሚባል፣ ክንዱ እንደ ወንጭፍ የሆነ ወጣት ወርዋሪ መጣለት። ኩክ ግን ትከሻው ተጎዳ፤ ተስፋውም በዚያው ተቀጨ። በ1970 የተተካው ቨርጂል ካርተር አርቆ የመወርወር አቅም አልነበረውም። የነበረው ፈጣን አእምሮና ቀጥተኛ እጅ ነበር።

ዋልሽ በሌለው ነገር አላዘነም፤ ባለው ሰው ልክ ጨዋታ ሰፋ። ሩቅ መወርወር ካልተቻለ በወርድ መወርወር ይቻላል አለ። ወርዋሪው ወደ ኋላ የሚወስደውን እርምጃ ከተቀባዩ የሩጫ እርምጃ ጋር አስተካክሎ ቆጠረው፤ ሦስት እርምጃ ከሆነ አጭር መታጠፊያ፣ አምስት ከሆነ ትንሽ ረዘም ያለ። ኳሱ ከእጅ የሚወጣው ተቀባዩ ገና ሳይዞር ነው። ሲዞር ኳሱ ደረቱ ላይ ይደርሳል፤ ሩጫውን ሳያቋርጥም ይቀጥላል። ካርተር በ1971 ከወረወረው ከ100 ወደ 62 የሚሆነው ተይዞለት በዚህ መለኪያ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ክንዱ ደካማ የተባለው ሰው ማለት ነው።

ዋልሽ በ1979 የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን ቡድኑ በዚያ ዓመት 2 አሸንፎ 14 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሦስተኛው ዙር፣ 81 ተጫዋቾች ቀድመውት ከተመረጡ በኋላ፣ ጆ ሞንታና የተባለ ቀጭን ወጣት ወሰደ። የሞንታና ክንድ ኃይለኛ ነው ያለ አልነበረም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቡድኑ 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ።

በአንድ ቀን፣ በሁለት ሜዳ

ጃንዋሪ 10 ቀን 1982 ሁለቱ ወንዞች በአንድ ቀን ተፈተኑ። ለሱፐር ቦውል ለማለፍ በሲንሲናቲ የኮርየል ቻርጀርስ ከቤንጋልስ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የዋልሽ ፎርቲናይነርስ ከዳላስ ካውቦይስ ተገናኙ።

ፋውትስ ከስምንት ቀን በፊት በማያሚ ሙቀት 433 ያርድ ወርውሮ ቡድኑን በጭማሪ ሰዓት 41 ለ38 አሳልፎ ነበር። ሲንሲናቲ ሲደርስ የጠበቀው ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የወረደ ብርድ ነው፤ ከዚያ በላይ ኃይለኛ ነፋስ ነበር። ኳሱ ድንጋይ ሆነ። አየር ላይ ብዙ የሚቆይ ኳስ ነፋሱ እንደፈለገ ያደርገዋል፤ ቻርጀርስ 27 ለ7 ተሸነፈ። በዚያው ብርድ የቤንጋልስ ወርዋሪ ሆኖ ያሸነፈው ኬን አንደርሰን ነው፤ ዋልሽ ሲንሲናቲ ሳለ ያሠለጠነው ልጅ።

በዚያው ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ሞንታና 89 ያርድ ከሚርቅ ቦታ ተነሥቶ ቡድኑን በትናንሽ እርምጃ ወደ ዳላስ ግብ አደረሰ። ስድስት ያርድ ሲቀር ወደ ቀኝ እየሮጠ፣ ሦስት ተከላካዮች እያሳደዱት፣ ኳሱን ወደ ሜዳው ጫፍ ከፍ አድርጎ ለቀቀ። ድዋይት ክላርክ ዘልሎ በጣቶቹ ጫፍ ያዘው። 51 ሴኮንድ ሲቀር ውጤቱ 28 ለ27 ሆነ። አሜሪካኖች ይህን ቅጽበት እስከ ዛሬ «ያ አያያዝ» እያሉ ይጠሩታል። በጨዋታው ታሪክ እጅግ ከሚታወሱት ውርወራዎች አንዱ ስድስት ያርድ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «ረጅም ውርወራ ዋንጫ አያመጣም» ያለ ሰው ብዙ ነበር። ፍርዱ ትክክል አልነበረም። ኮርየል ራሱ ሱፐር ቦውል ሳይደርስ ቢቀርም ተማሪዎቹ ደርሰዋል። ረዳቱ የነበረው ጆ ጊብስ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን ከተማ ቡድን ሦስት ሱፐር ቦውል ወሰደ። ኖርቭ ተርነር የኮርየልን መንገድ በ1991 ወደ ዳላስ ወስዶ በ1992 እና በ1993 የውድድር ዘመን ዋንጫ ተገኘበት። ብርድ አንድን ቀን ያሸንፋል፤ ሐሳብን ግን አያሸንፍም።

ሂሳቡ የሚያሳስትበት ቦታ

ክንዱ ደካማ የተባለው ቨርጂል ካርተር ሌላም ታሪክ አለው። በ1971 ከሮበርት ማኮል ጋር ሆኖ «ኦፕሬሽንስ ሪሰርች» በተባለ የምርምር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳተመ። በ1969 የተደረጉ ጨዋታዎችን መዝግበው፣ ኳስ በሜዳው ላይ ባለበት ቦታ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ አሰሉ። ከራስ ግብ አጠገብ የያዙት ኳስ ዋጋው ከዜሮ በታች ሆኖ ተገኘ፤ ከእናንተ ይልቅ ተጋጣሚያችሁ ቀድሞ ያስቆጥራል ማለት ነው። ዛሬ ቡድኖች የሚቀጥሯቸው የቁጥር ባለሙያዎች የሚሠሩበት ሐሳብ ከዚያ የተነሣ ነው።

እኛም ትንሽ እናስላ። ለምሳሌ ያህል ከ10 አጭር ውርወራ 7ቱ ተይዞ እያንዳንዱ 7 ያርድ ቢያስገኝ ድምሩ 49 ያርድ ነው። ከ10 ረጅም ውርወራ 4ቱ ብቻ ተይዞ እያንዳንዱ 30 ያርድ ቢያስገኝ 120 ያርድ ይሆናል። ረጅሙ ከእጥፍ በላይ አገኘ። የሚጠለፈውንና ወርዋሪው የሚጣልበትን ብንቀንስለት እንኳ ትርፉ አይጠፋም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ረጅም አይወረወርም?

ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ10 አራት መያዙ የውርወራው ባሕርይ አይደለም፤ ተከላካዩ ሌላ ነገር እየጠበቀ ሳለ የተወረወረ በመሆኑ የመጣ ነው። ሁለቱ ሴፍቲዎች፣ ማለትም ከሁሉ ኋላ የሚቆሙት ተከላካዮች፣ ረጅም ኳስ ብቻ እንደሚመጣ ካወቁ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማሉ። አራቱ ሁለት ይሆናል፤ ከቀሩትም የሚጠለፍ ይኖራል። አጭሩም እንዲሁ ነው። ዘላለም አጭር የሚወረውር ቡድን ሴፍቲዎቹን ወደፊት ይጠራቸዋል፤ 7ቱ ወደ 4 ይወርዳል፤ ተቀባዩም ኳሱን በያዘበት ቅጽበት ይመታል። የአንዱ ውርወራ ዋጋ የሚወሰነው በሌላው ነው። ሴፍቲው ወደፊት ቢራመድ ከጀርባው፣ ወደ ኋላ ቢራመድ ከፊቱ ይበላል፤ ሲያመነታም ከሁለት ያጣ ይሆናል።

ሁለቱ ውርወራዎች የሚጠይቁት ዋጋ ግን አንድ አይደለም። አጭሩ የሚጠይቀው ልምምድ ነው። ኳሱ ከሁለት ሴኮንድ ተኩል ባነሰ ጊዜ ከእጅ ስለሚወጣ አጃቢዎች ተራ ቢሆኑም ይበቃሉ፤ ተቀባዩና ወርዋሪው ግን በእርምጃ ቆጠራ መግባባት አለባቸው። ጉዞውም ረጅም ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው። ሰማንያ ያርድ በሰባት በሰባት ለመሄድ 12 ጊዜ መወርወር ያስፈልጋል፤ በ12ቱ መካከል አንድ ስሕተት ድካሙን ሁሉ ሊያፈርስ ይችላል። ረጅሙ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ። ያን ጊዜ የሚገዙት አጃቢዎች ናቸው። በእነሱ ድካም የሚመጣ ኳስ ስለሆነም ከአንድ ወርዋሪ ክንድ በላይ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ማሆምስ በማያሚ የጠየቀው ስለዚህ ዋጋ ነበር።

አጭሩ ሲረዝም፣ ረጅሙ ሲያጥር

በ1984 የማያሚው ዳን ማሪኖ ማንም ያላየውን ሠራ፤ 5,084 ያርድና 48 ታችዳውን ወረወረ። ኳሱ ከእጁ በመብረቅ ፍጥነት ይወጣ ነበር። ጃንዋሪ 20 ቀን 1985 በሱፐር ቦውል ከሞንታና ጋር ተገናኘ። ሕዝቡ የሚያወራው ስለ ማሪኖ ነበር። ፎርቲናይነርስ በጀርባ ብዙ ተከላካይ አቁሞ፣ ከፊት በአራት ሰው ብቻ አሳደደው። ማሪኖ 50 ጊዜ ወረወረ፤ 318 ያርድ አግኝቶ ሁለት ተጠለፈበት፤ አራት ጊዜም ተጣለ። ሞንታና 35 ጊዜ ብቻ ወርውሮ 331 ያርድና ሦስት ታችዳውን አገኘ፤ አንድም አልተጠለፈበትም። ውጤቱ 38 ለ16 ሆነ። ቁጥሩን ልብ በሉ፦ ባነሰ ውርወራ የበለጠ ርቀት የሄደው የአጭሩ ውርወራ ቡድን ነው። ኳሱ አጭር ይበራል፤ የያዘው ሰው ግን ይሮጣል። ከቡድኑ ሯጮች አንዱ ሮጀር ክሬግ በቀጣዩ የውድድር ዘመን 92 ኳስ ይዞ፣ በሩጫም ኳስ በመቀበልም በየፊናው ከ1,000 ያርድ በላይ በመሄድ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ።

ሌላው ምሳሌ የጊብስ ዋሽንግተን ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 በሱፐር ቦውል ከዴንቨር ጋር ሲጫወት ወርዋሪው ዳግ ዊልያምስ ነበር፤ በዚህ ፍጻሜ በወርዋሪነት ጨዋታ የጀመረ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ። በመጀመሪያው ሩብ ቡድኑ 10 ለ0 ተመራ፤ ዊልያምስም ጉልበቱ ተጎድቶ ወጣ። በሁለተኛው ሩብ ተመልሶ ገባና ከራሱ ግብ በ20 ያርድ ርቀት ላይ ጨዋታ ጀመረ። የታዘዘው አጭር ኳስ ነበር፤ ተቀባዩ ሪኪ ሳንደርስ ጥቂት ያርድ ሄዶ ዞር ብሎ ሊቀበል። ተከላካዩ ግን አጭሩን ሊዘጋ ፊት ለፊቱ ተጠግቶ ቆመ። ሳንደርስም ወርዋሪውም ይህን አዩ፤ አስቀድሞ በተስማሙት መሠረት አጭሩ ጨዋታ ወደ ረጅም ተለወጠ። ሳንደርስ ተከላካዩን አልፎ ሮጠ፤ ኳሱ ከፊቱ ወረደለት፤ 80 ያርድ ሄዶ ታችዳውን ሆነ። ዋሽንግተን በዚያ ሩብ ብቻ 35 ነጥብ አስቆጠረ፤ በመጨረሻም 42 ለ10 አሸነፈ። ያ ኳስ አጭር ነበር ወይስ ረጅም? አዛዡ ተከላካዩ ነበር። በቆመበት ቦታ መለሰላቸው፤ እነሱም መልሱን ሰምተው ወረወሩ።

ፈጣኑ ሰው ከሄደ በኋላ

ወደ ካንሳስ ሲቲ እንመለስ። ኖቬምበር 2020 ታይሪክ ሂል በታምፓ ቤይ ላይ በአንድ ሩብ ብቻ 203 ያርድ ያዘ፤ አብዛኛው ከተከላካዮች ጀርባ። የታምፓ የመከላከል አሰልጣኝ ቶድ ቦውልስ ትምህርቱን ወሰደ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 በሱፐር ቦውል እንደገና ሲገናኙ ሁለቱን ሴፍቲዎች ከኋላ አርቆ አቆማቸው። የቺፍስ ሁለቱ የጠርዝ አጃቢዎች ተጎድተው ስለነበር ማሆምስ ሩቁ እስኪከፈት የሚጠብቅበት ጊዜ አላገኘም። ቺፍስ አንድም ታችዳውን ሳያስቆጥር 31 ለ9 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ቡድኖች ይህን አቀማመጥ ወሰዱት። ረጅሙ ተዘጋ፤ አጭሩ ግን ተተወላቸው።

በማርች 2022 ቺፍስ ሂልን በአምስት የተጫዋች ምርጫ መብት ለውጦ ለማያሚ ሰጠው። ብዙዎች የቡድኑ ዘመን አበቃ ብለው ነበር። ማሆምስ ግን የተተወለትን አጭር መንገድ ተማረ፤ በዚያ ዓመት 5,250 ያርድ ወርውሮ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ከፊላደልፊያ ኢግልስ ጋር በሱፐር ቦውል ሲገናኝ የወረወረው በድምሩ 182 ያርድ ብቻ ነበር፤ ቡድኑ ግን 38 ለ35 አሸነፈ። በመጨረሻው ሩብ የመጡት ሁለት ታችዳውኖች የአምስትና የአራት ያርድ ኳሶች ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ ተቀባዩ ኳሱ ከመለቀቁ በፊት ወደ መሐል ሮጦ ድንገት ወደመጣበት ተመለሰ፤ ተከላካዩ ወደ መሐል ሲራመድ ጠርዙ ባዶ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ የያዘው ሰው አጠገቡ ማንም አልነበረም።

በ2020 በ44 ያርድ ውርወራ የዳነው ቡድን በ2023 በአምስትና በአራት ያርድ ውርወራዎች ታግዞ አሸነፈ። አሰልጣኙ ያው ነው፤ ወርዋሪውም ያው ነው። የተለወጠው ተከላካዮቹ የቆሙበት ቦታ ነበር። ሪድና ማሆምስ የትኛውን ውርወራ እንደሚወዱ አልተጨነቁም፤ የተተወላቸውን ወሰዱ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ቡድን ግን ተጋጣሚው ሌላውን ሲተውለት የሚያደርገው አያውቅም።

ለወጣት አሠልጣኞችና ልጆቻቸው በዚህ ጨዋታ ለሚሰለፉ ወላጆች ይህን እላለሁ። ልጁ ክንዱ ደካማ ነው ተብሎ አይናቅ፤ እርምጃ ቆጥሮ በሰዓቱ የሚወረውር ልጅ ለብርቱ ክንድ ባለቤት የማይከፈት በር ይከፈትለታል። ብርቱ ክንድ ያለውም በክንዱ አይኩራ፤ አጭሩን ካልተማረ ጥበበኛ ተጋጣሚ በሁለት ሴፍቲ ይዘጋዋል።

አንተ ተመልካቹ ደግሞ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱ ከመለቀቁ በፊት ዓይንህን ከወርዋሪው ላይ አንሣና ከኋላ የቆሙትን ሁለት ሴፍቲዎች እይ። ስንት እርምጃ ርቀው ቆመዋል? አንደኛው ወደፊት መጠጋት ጀምሯል? ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ብዙ ጊዜ እነሱ ቀድመው ይነግሩሃል።